ዳሞታ ጋቢውን ሲደርብ

«ዳሞታ ጋቢውን ከደረበ ኔት የለም።»

አቶ ሻንቆ ይህን ሲሉ ለዚያ ቀን አራተኛቸው ነበር። የኢንተርኔት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከተራራው አናት ላይ የሚጠቀለለውን ደመና ሽቅብ ያዩታል። ወሬው ከእሳቸው አፍ ወጥቶ ሶዶን አዳርሷል። የባጃጅ ሾፌር ለተሳፋሪ ያወራዋል፤ ተማሪው ኢሜይል ሊልክ ከመምጣቱ በፊት ቀና ብሎ ተራራውን ያያል፤ አንዲት ከተበላ ከተማ የመጣች ነጋዴ ደግሞ ደመናው ኔት የሚበላው በጾም ቀን ነው ብላ አሻሽላዋለች።

«ተራራው ስልክ የለውም፣ ጋሼ» አለች ሰብለ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

እዚህ ቤት ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። ከጉኑኖ ስትመጣ ዲፕሎማ አልያዘችም። የያዘችው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የኮምፒውተር መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ነበር። ያልገባትን ገጽ እስኪገባት ድረስ እየደጋገመች፣ የሞተ ኮምፒውተር ፈትታ እየገጠመች ተማረች። በስሟ ያለ ወረቀት ቢኖር ኔት በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን፣ የደረሰበትንና የሰማዩን ሁኔታ የምትመዘግብበት ደብተር ብቻ ነው። «ምክንያት» ብላ ያሰመረችው ዓምድ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከጀርባዋ፣ አግዳሚው ላይ፣ መምህር ቶማ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት ከጓሮ ጓሮ ዞረው የስድሳ ሦስት ዓይነት እንሰት ስምና ጠባይ ጽፈዋል፤ ስብራት የሚጠግነውን፣ ለአራስ የሚሰጠውን፣ ድርቅ የማይረታውን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም እንዲህ ያለ ሥራ መርጦ ሊያሳትም ነው። እሳቸው ማስታወቂያውን ያዩት ከትናንት በስቲያ ነበር፤ መቀበያው የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ገጹን ሁሉ ሰብለ ትናንት ስካን ስታደርግ ዋለች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረች። አረንጓዴዋ መስመር ስድሳ ሁለት በመቶ ድረስ ሄዳ ቀጥ አለች። እንደገና ከዜሮ። አርባ አንድ ላይ ቆመች። እንደገና ከዜሮ። ሰማንያ ስምንት ስትደርስ መምህሩ ብድግ ብለው ጸሎት ጀምረው ነበር፤ እዚያም ቆመች።

«ልጄ» አሉ ተመልሰው እየተቀመጡ፣ «እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ይፈጃል። እኔ መጠበቅ እችላለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ናቸው የማይችሉት።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን አቶ ሻንቆ ከደጃፉ ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን አታድክሚያቸው። ዲፕሎማ ያለው ልጅ ከአዋሳ አመጣለሁ የምለው እኮ ወድጄ አይደለም።»

ቃሉ የት ቦታ እንደሚያማት ያውቃሉ። ሰብለ ከአንገቷ ላይ የቤቱን ቁልፍ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመምህር ሥራ ካልደረሰ፣ ቁልፉን ለዲፕሎማው ይስጡት።»

 ጣቶቿ አልቆሙም። አንድ አህያ ያልቻለው ጭነት ለብዙ አህያ ይከፈላል፤ ፋይሉን አሥራ አራት ቦታ ከፋፈለችው። እንግዲህ ቢቋረጥ የሚጠፋው ያቺ ቁራጭ ብቻ ናት። አንደኛው ሄደ። ሁለተኛው ተቋርጦ፣ ተደግሞ ሄደ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አራተኛው ግማሽ ላይ ሳለ መስመሯ ደረቀች፤ ወዲያው ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የአቶ ሻንቆ ድምፅ መጣ፦

«ሄደች! አላልኩም?»

ሰብለ እጇ አየር ላይ ቀረ። እሷ ገና አፏን አልከፈተችም። ስክሪኑ ደግሞ ከጓዳው አይታይም። እንዴት አወቁ?

ደብተሯን ሳበች። ደመና፤ ተቋረጠ። ደመና፤ ተቋረጠ። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦ ድፍን ደመና፣ ቀኑን ሙሉ አልተቋረጠም። ቀኑን አስታወሰችው። አቶ ሻንቆ ለቅሶ ሄደው ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ አልፋው የማታውቀውን መጋረጃ ገለጠችው። አቶ ሻንቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዳንቴል የለበሰ ጥቁር ስልክ አጠገባቸው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ኔት ሲሠራ ስለማይጮህ እዚያ ስልክ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ኔቷ መኖሯን ላጣራ ነዋ! ፉጨቷ ከተሰማ አለች፤ ዝም ካለች ሄዳለች። ደመና ሲመጣማ ቶሎ ቶሎ ነው የማያት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤቱ ከተከፈተ!» አሉ በኩራት።

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። «ጋሼ፣ ኔቱም ስልኩም የሚሄዱት በአንድ ሽቦ ነው። ይህችን ባነሱ ቁጥር የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ቃል እንኳ ሳልተነፍስ? ጆሮ መስጠት ምን ያበላሻል?»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እርስዎ ተራራ አስመቱበት።»

እጀታውን ከነገመዱ ነቀለችና ይዛው ወጣች፤ ደብተሯ ላይ አጋደመችው። «ከእንግዲህ ማጣራት ከፈለጉ እዚህ ቁጭ ብለው በዓይንዎ ያዳምጡ።»

አቶ ሻንቆ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጆቻቸው አመል እንዳያወጡባቸው ከጭናቸው ሥር ከተቷቸው።

አራተኛው ሄደ። አምስተኛው ሄደ። ዳሞታ ጋቢውን ደረበ፣ ተከናነበም፤ ቀጥሎ ተራራው ራሱ ጠፋ። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ለመጠለል የገቡት ሰዎች ነገሩን ጠይቀው ተረዱና ከጀርባዋ ተደርድረው ይቆጥሩ ጀመር። ስምንት። ዘጠኝ። አሥራ አንደኛው ላይ መብረቅ ጮኸ፤ ሁሉም ወደ አቶ ሻንቆ ዞሩ።

«ኧረ እኔ አልነካሁም!» አሉ።

መስመሯ ግን በለጋ ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላዋ ትሄዳለች። አሥራ ሦስት። ሰብለ ቁልፉን አላየችውም፤ ሰዓቷንም አላየችም። አሥራ አራተኛው መቶ ሲሞላ ለአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ መልስ መጣ፦ «የመምህር ቶማ ሥራ አሥራ አራቱም ክፍል ደርሶናል። ተከፍቶ ይነበባል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጠ። መምህር ቶማ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ መልሰው አወለቁ፣ ስማቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በእናታቸው ቋንቋ «ጋላታይስ፣ ልጄ፣ ጋላታይስ!» እያሉ፣ እያመሰገኑ እጇን ይዘው ሳሙት። 

አቶ ሻንቆ ቁልፉን በአንድ ጣት ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ቀጥለው ወደ ሰዎቹ ዞሩና «ይቺ ልጅ አንድ ነገር አላት ብዬ አልነበር?» አሉ።

በዚህ መሐል ሚስታቸው ወይዘሮ ትርፌ የእንሰት ቅጠል ተከናንበው ከገበያ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን እጀታ አይተው «ምነው፣ ማን ነቀላት?» አሉ። አቶ ሻንቆ ግኝቱን ራሳቸው እንዳገኙት ሁሉ፣ በእጃቸው ጭምር እያስረዱ ተረኩላቸው።

ወይዘሮ ትርፌ የቅጠሉን ውሃ ደጃፉ ላይ አራገፉ።

«እሱንማ ሲተክሉት ቴክኒሻኑ ነግሮኛል። እኔ ኔት ሲኖር ነክቻት አላውቅም።»



«ታዲያ… ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ስለ ተራራ ስታወራ ማን ስለ ስልክ ጠየቀኝ?» አሉና መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ድምፃቸው ብቻ ተከትሎ ወጣ። «ወረቀትም ለጥፎባት ነበር እኮ፣ ‹ኔት ሲሠራ አይነሣ› የሚል። ሲያዩት ስለሚያስጠላ ነው ዳንቴል ያለበስኳት።»