ከትከሻው ኋላ

ጅቡ የራሱን አንጀት ያኝክ ነበር። ሀቢቡ ከድንጋዩ ካብ ላይ ወጥቶ በእንሰቱ ቅጠሎች መካከል አሻግሮ ሲመለከት መጀመሪያ ያየው ይህን ነው። ፊቱን አዙሮ ምራቁን ተፋ። ከትናንት ምሽት ጀምሮ ሆዱ በጥይት የተቀደደው አውሬ ከአሮጊቷ ሀሊሜ ጓሮ ተጋድሞ፣ የተዘረገፈውን እንደ ባዕድ ሥጋ እየጎተተ ይበላል። ሽታው ቤቱን አልፎ ጀፎረው ላይ፣ ቤቶቹ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ፣ ለቆመው ሰው ሁሉ ይደርስ ነበር።

ያቆሰለው ኡበይድ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚነግድ የዚሁ የእንሴኖ ዙሪያ መንደር ተወላጅ ሲሆን፣ ለአረፋ ወደ አባቱ ቤት ሲመጣ ክላሽ በመኪናው ይዞ መጣ። እንደ ልማዱ በየቤቱ በሬ ታረደ፤ ፈርሱና ሆድ ዕቃው ከእንሰቱ ዳርቻ ተጣለ። ጅብ ይህን ሽታ ተከትሎ በየዓመቱ ይመጣል፣ የተጣለለትን በልቶ ይሄዳል፤ መንደሩም በማግስቱ የጸዳ ደጅ ያገኛል። ዘንድሮ ግን ኡበይድ የመኪናውን መብራት ለቀቀበትና ተኮሰ። ሲነጋ ደግሞ የጀመረውን እንዲጨርስለት ሀቢቡን ለመነ፤ ሀቢቡ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች በረሃ ለበረሃ ሲመራ የኖረ ሰው ነውና።

ችግሩ ከጅቡ ወዲያ ያለው የሀሊሜ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ውስጠኛ በኩል ላሟ ታስራለች፤ ከላሟ አጠገብ ራሷ ሀሊሜ ተቀምጣለች። ጎረቤት ሁሉ ውጪ ቢላት እምቢ ብላለች።

"ላሜ ምጥ ላይ ናት" አለች ከውስጥ፣ ሀቢቡ በግድግዳው በኩል ሲጠራት። "እኔ ልውጣና እሷ ለማን ትቅር? የተኮሰው ይውጣ።"

"እሺ እናቴ። እንግዲያው ከላሟ ወደ በሩ በኩል ራቂ፤ መሬት ተቀመጪ።"

ኡበይድ ከካቡ ሥር ሆኖ ክላሹን ወደ ላይ አቀበለው። "ጋሽ ሀቢቡ፣ ግንባሩን ይበሉት። ካዝናው ሙሉ ነው።"

"የጅብ ግንባር ጋደል ያለ ወፍራም አጥንት ነው፤ ጥይት ያንሸራትታል" አለ ሀቢቡ፣ መሣሪያውን ሳይቀበል። "የክላሽ ጥይት ደግሞ ቀጭንና ሹል ነው። ገብቶ ይወጣል እንጂ አያርፍም። የትናንቱ የት እንደሄደ አይተሃል?"

"መሬት ነዋ። የት ይሄዳል?"

ሀቢቡ በጣቱ የሀሊሜን ግድግዳ አሳየው። ከላሟ ማሰሪያ ትይዩ ጭቃው ረግፎ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ጠቁራ ትታያለች።

"ያው… አላህ ጠብቋል" አለ ኡበይድ። "ማንም አልተነካም።"

ሀቢቡ የገዛ ምንሽሩን ከትከሻው አወረደና ጫፉ እርሳስ የሆነ ጥይት አጎረሰው። እንዲህ ያለው ጥይት ሥጋ ሲያገኝ ይፈርጣል፤ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ይቀራል። ቢያልፍ እንኳ ከካቡ ላይ ቁልቁል ስለሚተኩስ የሚቀበለው አፈር ነው። የቀረው ትዕግሥት ነበር። አውሬው ጎኑን እስኪሰጠው፣ ከትከሻው ኋላ ያለችው የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ እስክትገለጥ መጠበቅ። ከፍ አድርጎ ያስገባው ጥይት ሳንባውን ቀድዶ ወደ ማዶው እግር ሥር መውረድ አለበት።

ጅቡ ሊዞር ሲል ከሥር ሳቅ ተሰማ። አውሬው ቀና ብሎ ፊቱን ወደ ካቡ መለሰ። ከአፉ የራሱ አንጀት ተንጠልጥሏል። የሳቀው የኡበይድ ጓደኛ ቴዲ ነው፤ ስልኩን በረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ ወደ እንሰቱ ዘርግቷል።

"ስልክህን አጥፋ" አለ ሀቢቡ ዞር ሳይል።

"ጋሼ፣ ላይቭ ነኝ እኮ። ሰዉ ከአዲስ አበባ ሁሉ እያየ ነው።"

ከአውሬው ሽታ ይልቅ ያች የቴዲ ድምፅ ሀቢቡን አቅለሸለሸችው። ጣቱን ከቃታው ላይ አንሥቶ ኡበይድን ብቻ ተመለከተ፤ ኡበይድም ዘንጉን ከቴዲ እጅ ቀማ። ከዚያ በኋላ ዝንቦቹ ብቻ ይሰሙ ነበር። ጅቡ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደክሞት በጎኑ ዞረ። ሀቢቡ ትንፋሹን ከፊሉን አወጣና ተኮሰ።

አውሬው አልጮኸም። የፊት እግሮቹ ታጠፉ፣ ወደ ፊት ወደቀ፣ አበቃ። ከግድግዳው ወዲያ ሀሊሜ ላሟን በጉራጊኛ ስታባብል ተሰማ።

ወዲያው ሰው ጎረፈ። ኡበይድ ጫማውን በሬሳው አንገት ላይ አሳርፎ ክላሹን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ ቴዲ ስልኩን አስመልሶ ዙሪያውን ይሮጣል። አንዱ የጅቡን የኋላ እግር በእንጨት አንሥቶ አየና በሳቅ ወንድነቱን አወጀ።

"ምነው ሴት በሆነች" አለ ቴዲ። "ግልገሎቹን ከጉድጓድ እያወጣን እንቀርጽ ነበር። ያ ነበር ቪዲዮ ማለት። ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ወንድ ነው አይደል?"

ሀቢቡ ጎንበስ አለ። ያ የተንጠለጠለው ነገር በጅብ ዘንድ ወንድን ከሴት እንደማይለይ ያውቃል፤ ሴቷም እንዲሁ ያለ አላትና ብዙ ሰው የተሳሳተበት ነው። ከሆዷ ሥር ሁለት ጡቶች አብጠው ነበር። ዙሪያቸው ያለው ጠጉር በመጠባት ብዛት ተልጧል፤ ከአንደኛው ጫፍ ነጭ ጠብታ ወጥቶ ከደሙ ጋር ይደባለቃል። ሌሎቹ ገና ደሙን እንጂ ወተቱን አላዩም። ያለዚህ ወተት ግልገሎቹ በርሃብ እንደሚያልቁ፣ ቀናትም እንደሚፈጅባቸው ያውቃል። ጉድጓዷም ከወንዙ ገደል ሥር ካልሆነ የትም አይሆንም።

"ወንድ ነው" አለ። በእግሩ ገፍቶ በሆዷ ደፋት።

ኡበይድ ክትፎው እንደተሰናዳ፣ በመኪና አብረው እንደሚሄዱ ነገረው። ሀቢቡ መጀመሪያ እጁን ሊታጠብ ወንዝ እንደሚወርድ መለሰ። ውሃ እኮ ቤት ሞልቷል አሉት። አልሰማም። ቀለሁን አውጥቶ ጣለ፤ ከኪሱ ሌሎች ጥይቶች አጎረሰና መኪና በማያስገባው በጠባቡ መንገድ ብቻውን ወደ ገደሉ ቁልቁል ወረደ።