የጉሎ ፍሬ መረብ

የአክስቴን ልጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁሉም «ምላጭ» ይላታል። ሌላው የበቀለ የጉሎ ፍሬ በመፍጫ ሲያደቅ፣ እሷ ሰሃኗን በረዶ ላይ አስቀምጣ በምላጭ ቀስ እያለች ትከትፋለች። «መፍጫ እያለ ምን ያደክምሻል?» ሲሏት፣ «ሾርባ ልሠራ አልመጣሁም» ትላለች።

ጥያቄዋ አንድ ነው። ፍሬው ሲበቅል በየሕዋሱ ውስጥ አዳዲስ ሽፋኖች ይገነባሉ፤ የሚገነቡትም ፎስፎሊፒድ ከሚባል ቅባት ነው። ይህ ቅባት ሕዋሱ ውስጥ የት ይሠራል? እሷ እንደ መረብ በተዘረጋው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው ትላለች። መምህራችን ደግሞ ኃይል የሚመነጭበት ሚቶኮንድሪያም ይሠራዋል ባይ ናቸው።

ውጤቷ እስካሁን አላገዛትም። የከተፈችውን አጥልላ፣ ከላይ ቀጭን ከታች ወፍራም ሆኖ በተደራረበ ስኳር ውሃ ላይ ጨምራ ሴንትሪፊውጅ በሚባል ማሽን ታሽከረክረዋለች። ቀላሉ ነገር ከላይ፣ ከባዱ ከታች ቀለበት ሠርቶ መቆም ነበረበት። የመረቡና የሚቶኮንድሪያው ቀለበቶች ግን ተደራርበው ይወጣሉ፤ ቅባቱን የሚሠራው ኢንዛይም የማንኛቸው እንደሆነ አይለይም።

«ሁለቱም ጋ ይሠራል በይና ተመረቂ፣ ልጄ» አሏት መምህሩ። ጽሑፏን የምታስረክበው በዚያው ሳምንት ነበር።

«እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ መምህር።»

ሳቁ። «ዛፉ አንድ መሆኑን አሳዪኛ! አንድ ጊዜ ብቻ ማሽኑን ፈቅጄልሻለሁ። ካልተለየ ‹አልታወቀም› ብለሽ ታስረክቢያለሽ።»

የቤተ ሙከራው ማብቀያ ስለተበላሸ ፍሬዎቹን ያበቀልናቸው ቤት፣ ማቀዝቀዣው ጀርባ ካለው ሙቀት ላይ ነበር። አክስቴ ወለሉን እየጠረገች፣ «ይሄ ጉሎ ከእኔ ይልቅ ሞቆት ነው የሚያድረው» አለች።

«እንዳትነኪው እማዬ፣ መርዝ ነው።»

«ምን ሊያደርግልኝ! ቅባቱ የት እንደሚሠራ ግን እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ ይሄኔ ተመርቀሽ ነበር። ዘይት መጭመቂያ ቤት!»

እኔ ሳቅሁ፤ ምላጭ አልሳቀችም። ፍሬውን የምትከትፍበትን ፈሳሽ አሠራር በልቧ እየደገመች ነበር።

«ፈሳሹ ውስጥ ማግኒዢየም የምንጨምረው ለምንድነው?» አለችኝ።

«ድሮም ይጨመራል።»

«ለምን?»

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«መረቡ ላይ ራይቦዞም የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ አይደል? አጣብቆ የሚያቆያቸው ማግኒዢየም ነው። ስለዚህ መረቡ ከብዶ ሚቶኮንድሪያው ጋ ይወርዳል። መረቡ ላይ ድንጋይ አስረንበት ለምን ሰመጠ እንላለን!»

ማግኒዢየሙ ከተለቀመ ቅንጣቶቹ ይራገፋሉ፤ መረቡ ቀልሎ ከፍ ይላል፤ ሚቶኮንድሪያው ካለበት አይነቃነቅም። ኢንዛይሙስ ከማን ጋር ይሆናል?

«ሚቶኮንድሪያው ጋ ከቀረ?» አልኳት።

«ከቀረማ መምህሩ ልክ ናቸው፤ የእኔም ልፋት ገደል ገባ። ሳላይ ግን አልጽፍም።»

ጠዋት ላይ ጣቶቿ በብርድ እስኪቀሉ ከተፈች። «አንተ ደግሞ ግንብ አትደግፍ፣ በረዶ አምጣ!» ትለኝ ነበር። ግማሹን እንደ ወትሮው፣ ግማሹን ማግኒዢየም ከሚለቅም ኬሚካል ጋር አዘጋጅታ በአንድ ዙር አሽከረከረች።

ማሽኑ ሲቆም የመጀመሪያው ቱቦ ውስጥ የለመድነው ድፍርስ ቀለበት አለ። ሁለተኛው ውስጥ ግን ሁለት ቀለበቶች፣ በመካከላቸውም ጣት የሚያስገባ ጥርት ያለ ስኳር ውሃ።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀለበት አየሁ፤ ኢንዛይም ግን አላየሁም።»

ልክ ነበሩ። ከቱቦዎቹ ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ አውርዳ፣ እያንዳንዱን ክፍል ስትለካ ዋለች። ዋናው ፎስፎሊፒድ ሠሪ ኢንዛይም ከመረቡ ጋር ወደ ላይ ሄዷል፤ ታች የቀረው ከቁጥር አይገባም።

«እንኳን ደስ አለሽ!» ብለው መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አልጨበጠቻቸውም፤ ዓይኗ ሌላ ልኬት ላይ ነበር።

«ይቺኛዋ አልተነቃነቀችም» አለች። ሌላ ዓይነት ፎስፎሊፒድ የምትሠራ አንዲት ኢንዛይም፣ ጉልህ ድርሻዋ ከሚቶኮንድሪያው ጋር ታች ቀርቷል።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ሁለት ዛፍ ሆነ?»

«ሆነ። ግን አሁን ማን የትኛው ላይ እንደወጣ አውቃለሁ።»

ከጽሑፏ ርዕስ ላይ «ብቻ» የምትለውን ቃል ሰረዘች። ከዚያ የመምህሩን እጅ ጨበጠችና ሳትለቅ፣ «አንድ ጊዜ የታየ ነገር አይበቃም፤ ማሽኑን ነገም ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው።

እሳቸው እሺ እስኪሉ አልጠበቀችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ማቀዝቀዣው ጀርባ ጉሎ ተርፏል?» አለችኝ።