የአያቴ ጥርሶች ያሉበት ገበቴ

ድሮ ላሃይና በምትባለው የወደብ ከተማችን ሰው እኔን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው አፌን ነበር። ጥርሴን ነው የሚያየው። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚነግራችሁ ምክንያቱን እኔው ብነግራችሁ ይሻላል።

በእመቤት ኬካይላኒ ቤት አንድ ገበቴ ነበር። ከጥቁር እንጨት የተፈለፈለ፣ በከንፈሩ ዙሪያ የሰው መንጋጋ ጥርስ የተሰካበት። ጥርሶቹ የቅድመ አያቴ የኬሊሞኩ ናቸው። ኬሊሞኩ ከባሕሩ ማዶ የምትታየው የሞሎካይ ንጉሥ ነበር። የእመቤቲቱ ቅድመ አያት፣ የዚህች የእኛ ደሴት የማዊ ንጉሥ፣ በጦርነት ገደለውና ጥርሱን አስወልቆ ገበቴው ላይ አስገጠመው። የሚበላበት ገበቴ እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ ምራቁን የሚተፋበት፣ የዓሣ እሾህ የሚጥልበት፣ የተቆረጠ ጥፍሩን የሚያጠራቅምበት ነው። ሰውዬው ሞቶም እንዲዋረድ ነው ነገሩ። ይኼም አልበቃው ብሎ የኬሊሞኩን ልጅ ማርኮ አመጣና የገበቴው ተሸካሚ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ እኔ ዘንድ ደረሰ።

ሥራው ይኸው ነው፤ ጌታህ ሲተፋ ፊትህን አዙረህ ትይዝለታለህ። የተጠራቀመውን ደግሞ ማንም ሳያይህ በታንኳ ወስደህ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ትደፋለህ። የንጉሥ ምራቅ ጠላት እጅ ከገባ መተት ይሠራበታልና። እንግዲህ አስቡት፤ አያቱን የገደሉበት ሰዎች ነፍሳቸውን በየቀኑ እጁ ላይ ይተፋሉ። አባቴ ካሞሆ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላጎደለም። ለዚህ የተሰጠው ምስጋና ካለ እኔ አላየሁም።

ስድቡ ግን ሞልቷል። ሚስዮን ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ገብቼ ነበር። የአለቆች ልጆች ፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ፣ የምራቅ ቤት ልጅ፣ ከበሩ ሥር። አንድ ቀን መምህሩ የነገሥታቱን ስም ሲያስጠራን እጄን አውጥቼ “የእኔም ቅድመ አያት ንጉሥ ነበር” አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ትምህርቴ እዚያ ላይ አበቃ።

ወደብ ስወርድ ደግሞ ቀዛፊው ማሁካ ይጠብቀኛል።

“ናሂኑ፣ አያትህ ዛሬ ምን ቀመሱ?”

“ተወኝ ማሁካ።”

“ለጤናቸው አስቤ እኮ ነው። ትናንት የሙዝ ልጣጭ ነበር አሉ። እሾሁ ይሻላቸዋል፤ መቼም ጥርስ አላቸው።”

አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። “ሰውዬውን ሃላዋ አግባልኝ” አለ። ሃላዋ ሞሎካይ ላይ ያለው የኬሊሞኩ ሸለቆ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣልኝ ወደ እመቤቲቱ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፒፓዋን ነክሳ ካርታ ትጫወታለች።

“እመቤቴ፣ ገበቴውን ይስጡኝ።”

“ምን ልታደርገው?”

“ልቀብረው።”

“ካሞሆ ነው የላከህ? በሕይወቱ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ሳይጠይቀኝ፣ አሁን ሞቶ ደፈረኝ።”

“የሰው ጥርስ ነው እመቤቴ።”

“የንጉሥ ጥርስ ነው። አያቶቼ የዓሣ አጥማጅ ጥርስ ገበቴ ላይ አያስገጥሙም። እስቲ ንገረኝ፣ ኬሊሞኩን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? እኔ በተፋሁ ቁጥር ግን ንጉሥ እንደነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀብረኸው ስትመለስ አንተ ማን ነህ?”

“እኔ ሰውዬውን ነው የጠየቅኩት። ማንነቴን አልጠየቅኩም።”

“እንግዲያው አልሰጥህም” አለችና ካርታዋን ጣለች። “በል ያዝልኝ፤ ጉሮሮዬን ከርክሮኛል።”

ፊቴን አዙሬ ያዝኩላት።

ሚስቴ ሊሊኖኤ ይህን ስነግራት የጎደሬ ገንፎውን፣ ፖዩን፣ በጣቷ እየጠቀለለች፣ “እንግዲያ ስረቀው። ከረጢት ውስጥ ከተህ ታንኳ ላይ መውጣት ነው” አለችኝ።

“የተሰረቀ አያት አልቀብርም።”

“እሱ መቼ ያማርጣል? የምታማርጠው አንተ ነህ።”

ከዚያ በየዓመቱ ጠየቅኋት፤ በየዓመቱ ከለከለችኝ። በመሐሉ ነጮቹ ዋና ከተማው ሆኖሉሉ ላይ የደሴቶቹን ሁሉ ንግሥት ከዙፋኗ አወረዷት። ከተማው ሲያለቅስ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። የእኛን ንጉሥ ሲገድሉ ማን አለቀሰ? የእመቤቲቱ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ እየተራቆተ ሄደ። አሽከሮቹ ወደ ሸንኮራው እርሻ ገቡ፤ ካርታ የሚጫወቱት ወይዛዝርት መምጣት ተዉ። እሷም ሳል ያዛት።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ነጮቹ አገሩን ለራሳቸው ጠቅልለው ባንዲራችን የምትወርድበት ቀን ደረሰ። ላሃይና ውስጥ መስኮቱን ያልዘጋ ሰው አልነበረም። የዚያን ዕለት ና ብላ ላከችብኝ። ጨለማው ቤት ውስጥ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ።

“ይኸው አያትህ” አለችኝ። “ይዘኸው ሂድ።”

ፈታሁት። ገበቴው ታጥቦ፣ በዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል። እያንዳንዱ ጥርስ ተፈግፍጓል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልቀረ ያጠበችው ራሷ ናት። የእነሱ ቤት ሰው እጅ ያንን ገበቴ ነክቶ አያውቅም ነበር።

“ለምን ዛሬ?” አልኳት።

“ያሸነፉት ሰዎች ዛሬ ተሸነፉ። የተሸነፈ ሰው ጥርስ በተሸነፈ ሰው ቤት ምን ይሠራል?”

ከፍርድ ቤቱ በኩል ጥሩምባ ተነፋ። ጎረቤት አንዲት ሴት ጮኸች። እመቤቲቱን ሳሉ ጀመራት። እኔም እንደለመድኩት ገበቴውን ዘረጋሁና ፊቴን አዞርኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ አትተፋም። ዞሬ ሳያት አፏን በመሐረብ ይዛ ታፍናለች።

“ኧረ ይትፉ እመቤቴ።”

“በሰው አያት ላይ?”

“ዕድሜዎን ሙሉ ሲተፉበት ኖረው የለ?”

“ያኔ የንጉሥ ዘር ነበርኩ። ዛሬ ብተፋበት ባለጌ ነኝ።”

መሐረቡ ደም ነክቶታል። እንደ ማንም ሰው መሐረብ በሩ አጠገብ ወረወረችው።

“እንዲህ አይጣልም” አልኳት። “ሰው ያገኘዋል።”

“ማን ይፈልገዋል፣ ናሂኑ? ከእንግዲህ እኔን ለመግደል ማን ይደክማል?”

አባቴ ያንን ቀን እንደተመኘ ሞተ። እኔም ስመኘው ሸበትኩ። ገበቴውን አቅፌ ልወጣ ስል ግን በሩ አጠገብ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ መሐረቡን አነሳሁና ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። አላየችኝም፤ ወይም እያየች እንዳላየ ሆናለች።

በነጋታው ማሁካ አሻገረኝ። ጥቅልሉን አየና “አያትህ…” ብሎ ጀመረ፣ መልሶም ተወው። “ነፋሱ ደህና ነው” አለ። ባሕሩ የሚጠቁርበት ስንደርስ ፊትህን አዙር አልኩት።

“ለምን?”

“አዙር አልኩህ።”

ጀርባውን ሰጠኝ። መሐረቡን ድንጋይ ላይ ቋጠርኩ። አባቴ እንዳስተማረኝ ግራና ቀኝ አየሁና ለቀቅኩት። እስኪሰወር ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። ሳልታዘዝ የሠራሁት ያንን አንዱን ነው።

ሃላዋ ፏፏቴው ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ። ጥርሶቹን ከእንጨቱ ልለያቸው ቢላዬን አወጣሁ፣ አልሆነልኝም። ስንት ዘመን አብረው ኖረው አሁን የት ላደርሳቸው ነው? እንዳለ ቀበርኩትና አፈር መለስኩበት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ስመለስ እመቤቲቱ ሞታለች። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አንድ ከሆኖሉሉ የመጣ ወጣት ዘመድ በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን ይለያል፤ ቤተሰብ ፊት፣ ሌላው ኋላ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አፌን ግን አላየም፤ ለምን እንደሚያይ የሚያውቅ ልጅ አይደለም።

“ለሟቿ ምኗ ነዎት አባባ?”

በፊት ቢሆን መልስ ነበረኝ። የሚያዋርድ ቢሆንም መልስ ነበረኝ፤ ገበቴውን አሳየዋለሁ፣ ጥርሶቹን አሳየዋለሁ፣ ይኼ ንጉሥ ነበር፣ እነዚህም ነገሥታት ነበሩ፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መሐል ነበርኩ እለዋለሁ። ልጁ በትሕትና ይጠብቀኛል። ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

“ጎረቤት ነኝ” አልኩት።

በእጁ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ሄጄ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ።