የሙሂዲን ሰላምታ

ሱልጣና ሬዲዮዋን የሠራችው ለእሳት አደጋ ነበር። ረጅም ሕንፃ በጭስ ሲሞላና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ደረጃ ላይ የቀረ ሰው "እዚህ ነኝ" የሚልበት፣ በእጅ የሚያዝ ነገር። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አጠገብ፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ዓመታት ደከመችበት። ፈንድ ፍለጋ ያልጠናችው ደጅ የለም። ሁሉም "ግሩም ሐሳብ ነው" ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። ለመከላከያ ምርምር ትናንሽ ድርጅቶችን የሚረዳ አንድ ፈንድ ብቻ መልሶ ጠየቃት፦ "መሣሪያው የሚነጋገሩ ሰዎችን አዳምጦ መሪያቸውን መለየት ይችላል?" ሰው ከእሳት ይውጣ ስትል ጆሮ የነፈጋት አገር፣ ሰው ይደመጥ ሲባል ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ተናደደች። ግን ክፍሏ ልትዘጋ ነበርና ንዴቷን ዋጥ አድርጋ መሪ መለያውን ጨመረችበት።

ለሙከራው አምስት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነውን አባቷን ሙሂዲንን ከዌምብሊ ጠራችው። እሱም ኤርትራዊውን ጋሽ አሕፈሮምን፣ አፉ የማያርፈውን ባለታክሲ ኢስሃቅንና ሁለት የመስጊድ ወዳጆቹን ይዞ መጣ። ጨዋታው ቀላል ነው። አምስቱ ሬዲዮ ሬዲዮ ይዘው ባተርሲ ፓርክ ውስጥ ይበተናሉ፤ ከመሃላቸው የመረጡት አለቃ በሬዲዮ አንድ በር ላይ ይሰበስባቸዋል። አለቃው ማን እንደሆነ ከነሱ ሌላ የምታውቀው ሱልጣና ብቻ ናት። ማሽኑ ወሬያቸውን ሰምቶ አለቃውን ማግኘት አለበት።

"አባባ፣ ዘና ብላችሁ አውሩ። ቴስት ነው" አለችው።

"ማነው የሚሰማው?"

"ማሽኑ።"

"ከማሽኑ ኋላስ?"

ጋሽ አሕፈሮም ሳቁ። "ተዋት እንጂ ሙሂዲን፤ ልጅቷ ሥራዋን ትሥራ። እኛም የኛን እናውቃለን።"

አለቃ ሙሂዲን ሆነ። ሱልጣና ከፈንዱ ከመጣችው ገምጋሚ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ትከታተል ጀመር፤ አምስቱ ሰዎች አምስት ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ሬዲዮው ውስጥ ኢስሃቅ ብቻውን ገበያ ሆነ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ተነሣ እንጂ! ዳክዬዎቹ እንኳ ካንተ ይፈጥናሉ!"

"ጉልበቴን ለኔ ተውልኝ" አሉ ጋሽ አሕፈሮም፤ "አንተ መጀመሪያ ምላስህን አሳርፍ።"

አባቷ ወሬው ውስጥ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ትእዛዝ የሚመስል ቃል ካፉ አልወጣም። "እንዴት ነህ? ጤና? ልጆቹስ?" ይላል። ያኛው "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ዝም። ቆይቶ ደግሞ ሌላውን፦ "እንዴት ነህ? ጤና?"

ይህን ሰላምታ ሱልጣና ከልጅነቷ ታውቀዋለች። አባቷ አዲስ አበባ ሲደውል፣ ስም ሳይጠራ፣ ቦታ ሳያነሣ፣ ግማሽ ሰዓት ጤና ሲጠይቅ ቆይቶ ይዘጋል። "ምን አወራችሁ?" ስትለው "ሁሉን" ይላት ነበር። በወጣትነቱ፣ በስልክ ስሙ የተጠራ አንድ ጓደኛው ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። አሁን ስክሪኑ ላይ አየችው። ጤናው የተጠየቀ ሰው ነጥብ ብድግ ትልና በወንዙ በኩል ወዳለው የፓርኩ በር ታቀናለች።

አምስቱም እዚያው በር ላይ ተገናኙ። ማሽኑ ያለ አንዳች ጥርጥር አለቃው ኢስሃቅ ነው አለ።

ገምጋሚዋ ፈገግ አለች። "ልክ ነው?"

ልክ ነው ብትል ክፍሏ ትተርፋለች። ግን ነገ አንዱ ሩቅ አገር፣ በድሮን ከሰማይ የሚያይ ሰው ይህን ማሽን አምኖ የአንድ ለፍላፊ ምስኪን ቤት ላይ ጣቱን ይቀስራል። ኢስሃቅ ከወዲያ ማዶ ለዳክዬዎቹ ብስኩት እየወረወረ ይስቃል።

"ተሳስቷል" አለች። "አለቃው አባቴ ነበር።"

ገምጋሚዋ አላዘነችም። እንዲያውም ዓይኗ በራ። "ይሄማ ይበልጣል! እንዴት አመለጡት? ያንን ለማሽኑ ካስተማርሽው፣ የጠየቅሽውን እጥፍ አስፈቅድልሻለሁ። ቋንቋው ያንቺ ነው። እንዴት አደረጉት?"

አባቷን በሕይወት ያቆየችውን አንዲት ነገር ነው ይህቺ ሴትዮ ዋጋ የምትቆርጥላት! ድምፅዋ ግን አባቷ ስልክ ላይ እንደሚያወራው ረጋ አለ።

"አላውቅም።"

"ምን ይባባሉ ነበር?"

"ጤና ይጠያየቃሉ። ሽማግሎች ናቸው። ጉልበት፣ ልጆች..."

"እስኪ አስቢበት።"

"አላስብበትም። መለያውንም ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። ሬዲዮው ለእሳት ነው።"

ገምጋሚዋ እጇን ጨብጣት ሄደች፤ ፈንዱም አብሯት ሄደ። ሱልጣና ክፍሏን ለቅቃ ዕቃዋን የት እንደምታደርግ እያሰበች ተቀምጣ ሳለ፣ እጇ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ።

"እንዴት ነሽ? ጤና?" አለ አባቷ።

"ጤና" አለች። ተነሥታም ወደ ወንዙ በር ሄደች።