ለደምሴ የተነገረ መርዶ

ሞት ለሰው ልጅ ሁሉ እኩል የተደለደለ ዕጣ ሲሆን፥ ሐዘን ግን ባለቤት አለው፤ ማን በአደባባይ ደረቱን እንዲመታ፥ ማን ደግሞ ዕንባውን ከግድግዳ ኋላ እንዲጠርግ ልማደ አበው ለይቶ ወስኗልና። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ወሰን ውጭ ስለ ቀሩት ጥቂት እጽፋለሁ፤ ነገሩ ለብዙ ጆሮ የሚከብድ መሆኑን ባውቅም፥ ዝም ብል ሙታኑን ሁለተኛ የቀበርኋቸው ይመስለኛል።

በዘመነ ጠላት፥ በተጉለት ገደላገደል፥ በግራዝማች ሀብቴ ጭፍራ ውስጥ ውብሸትና ደምሴ የሚባሉ ሁለት ጽኑዓን አርበኞች ነበሩ። ሦስት ዓመት ከአንድ ገበታ በሉ፥ አንድ ቡልኮ ለበሱ፤ በመካከላቸው የነበረውም ፍቅር የወንድማማች ሳይሆን ባልና ሚስትን የሚያስተሳስረው፥ ሥጋንም ነፍስንም የሚገዛው ፍቅር ነበር። ጭፍራው ያውቃል፤ አውቆም በቀልድ ይሸፍነዋል። «ውብሸት፥ ያቺ ጢማም ሚስትህ ዛሬ ምን ሠራችልህ?» ሲሉት፥ ደምሴ ቀድሞ «የጥይት ቆሎ ቆልቼለታለሁ፤ ጥርስ ካለህ ና ቅመስ» ይል ነበር።

ደምሴ በሩቅ አምባ ላይ ለጥበቃ ተመድቦ ሳለ፥ ውብሸት ወንዝ ሲሻገር ደረቱን ተመትቶ ወደቀ። በአገሩ ሥርዓት የሞት ወሬ ከቅርብ ዘመድ ተሰውሮ ይቆይና፥ ጎህ ሲቀድ ሽማግሎች ተሰብስበው ሄደው መርዶውን ይነግሩታል፤ በመንገድ ወሬ የሰማ ሰው ግን እንደ ባዕድ ተቆጠረ ማለት ነው። ሽማግሎቹም ከግራዝማች ሀብቴ ጋር ሄደው ለሟቹ እናት ለወይዘሮ ስንዱ ነገሩ። እርሳቸው አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ሲዘጋ፥ «ለደምሴስ ማን ነገረው?» ብለው ጠየቁ።

ግራዝማች አንገታቸውን ደፍተው፥ «እመይቴ፥ እሱ ጓድ ነው፤ ለጓድ መርዶ አይኬድም። ብንሄድለት ሰው ምን ይለናል?» አሉ።

«ሰው ያለውን ይበል። ልጄ ቤቴ በመጣ ቁጥር ከአፉ የማይጠፋው የደምሴ ስም ነበር። እናት ነኝ፤ የማውቀውን አውቃለሁ። ከመንገደኛ አፍ እንዲሰማው አልፈቅድም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ስንዱ ሽማግሎቹንና ግራዝማችን አስከትለው ወደ አምባው ወጡ። ደምሴ አካሄዳቸውን ባየ ጊዜ ጠብመንጃውን ከድንጋይ አስደገፈና «ቀብራችሁታል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «ቀብረነዋል፥ ልጄ» አሉት ወይዘሮ ስንዱ፤ ነጠላቸውንም አውልቀው እንደ ሐዘንተኛ ወገቡን በገዛ እጃቸው አስታጠቁት። ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ፤ አብረውት ይጠብቁ የነበሩት ቀልደኞችም ዙሪያውን ቆመው ከእርሱ ጋር አለቀሱ።

አርባው ሳይሞላ ደምሴም ከጠላት ጋር ሲታኮስ ወደቀ። ወይዘሮ ስንዱ ለሁለቱም አንድ ተዝካር አወጡ። ቄሱ «ሁለተኛው ምንዎ ነው?» ቢሏቸው፥ «ልጄ የወደደው ነው፥ አባቴ፤ ስሙን ከልጄ ስም አጠገብ ይጥሩልኝ» አሉ። ቄሱም እንዳሏቸው ጠሩት። ሬሳን ምድር ሳትመርጥ ትቀበላለች፤ ሐዘንን ግን ለባለቤቱ የሚያደርስ ልብ ያለው ሰው ብቻ ነው።