ከቱታ ኪስ የወጣ ኩል

ነዒማ የባሏን ቱታ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ብሎን አገኘች፣ የጋራዡን ቁልፍ አገኘች፣ ከዚያ የኩል ብልቃጥ አገኘች። ብሎኑንና ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰች። ብልቃጡን እንደያዘች ግን ቁጢጥ አለች። እሷ ኩል መኳል ከተወች ቆይታለች፤ ታዲያ በዘይት የተለወሰ የመካኒክ ኪስ ውስጥ ኩል ምን ይሠራል? ብልቃጧ አሮጌ የነሐስ ናት፤ መኳያዋም አብራ አለች። ትናንት ከሱቅ የተገዛች አይደለችም፤ የሴት እጅ ያሻሻት ነገር ናት።

ሌላ ሴት ብትሆን አፍንጫው ሥር ደቅና «ይሄ ምንድን ነው?» ትለው ነበር። ነዒማ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በጥያቄ ማበላሸት አትወድም። ወንድ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ሲጠበቅ ግን ይያዛል ባይ ናት። ብልቃጧን ኪሱ ውስጥ መልሳ ቱታውን ሳታጥበው ሰቀለችው።

እራት ላይ ባሏ ከድሮ ራሱ ጀመረው።

«ነገ ወልቂጤ እሄዳለሁ።»

«ባለፈው ሄደህ አልነበር?»

«ያ ለመጠየቅ ነበር። የላንድሮቨሩ ሞተር ክዳን፣ ቴስታው፣ ተደጋግሞ ተጠርቦ ሳስቷል። እሱ ዝቅ ሲል ቫልቭ የሚገፉት ዘንጎች ረዘሙበት። ማሳጠር አለብኝ።»

«ቡታጅራ ውስጥ ቶርኖ ቤት ጠፋ?»

«መቁረጡንማ ሁሉም ይቆርጣል። ጫፉን እንደ ሰልሚያ የሚያጠነክር ግን የለም።»

ሰልሚያ! ነዒማ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። የቶርኖ ባለሙያዋ ሴት መሆኗን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነገራትም። በእርግጥ እሷም ጠይቃ አታውቅም፤ ግን ይሄንን ማን ያነሳዋል።

ጠዋት ከድሮ ለሱብሂ ሰላት መስጊድ ሲወጣ ከቱታው ኪስ ቁልፉን አውጥታ ከግቢው ፊት ለፊት ያለውን ጋራዥ ከፈተች። የምትፈልገውን ዕቃ ታውቃለች፤ ባሏ ሰሞኑን ከእሱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዱን አሮጌ ዘንግ ከመሃሉ ቆርጦ በብሎን አገናኝቶታል፤ ሲጠመዘዝ ይረዝማል፣ ያጥራልም። ልኩ እስኪገኝ ሞተሩ ላይ ሲሞክረው ሰንብቶ አሁን አጥብቆታል፤ የቀሩት ዘንጎች የሚቆረጡት በእሱ ልክ ነው። እሱ ከሌለ ወልቂጤ የለም። ለገበያ ካዘጋጀችው የበርበሬ ጆንያ ውስጥ ክንዷ እስኪጠልቅ ድረስ ቀበረችውና ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰች።

ከድሮ ተመልሶ ዘንጉን ሲያጣ ጋራዡን ገለበጠው። በሩ አልተሰበረም፣ ባትሪው አልተነካም፣ የጠፋው ያው ዘንግ ብቻ ነው። ይሄንን ደግሞ ጥቅሙን የሚያውቅ ካልሆነ ማን ይወስደዋል? ዱባለ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ዱባለ ጋራዡን አብሮት የከፈተ ሸሪኩ ነው።

«ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ጋ ነው፤» አለው።

«እና?»

«እናማ፣ እንሴኖ ከተማ የራሴን ጋራዥ እከፍታለሁ ስትል ሰምቻለሁ። ሥራዬን አስቁመህ ደንበኛዬን ልትወስድ ነው?»

«ሥራዬን? ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ ብቻ የሆነው?»

ከድሮ ስቆ «ቀልድ ነው» እስኪለው ዱባለ ጠበቀ። ከድሮ አልሳቀም። ዱባለ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ነዒማ በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እሷ ግን «ምን ሆናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ወልቂጤ ቀረ ብላ ደስ አላት። ደስታዋ እስከ ምሳ አልዘለቀም።

ምሳውን ይዛለት ስትገባ ከድሮ ሌላ ዘንግ ቆርጦ እንደገና ከሀ ጀምሯል። ከኪሱ ብልቃጧን አወጣ። ነዒማ ሳህኑን እንደያዘች ጠጋ አለች። ከድሮ መኳያዋን ኩሉ ውስጥ ነከረና የቫልቩን ጫፍ እንደ ዓይን ተጠንቅቆ ኳለው። ሞተሩን በእጁ ሲያዞረው ሮከሩ፣ ዘንጉ የሚገፋው ብረት፣ ቫልቩን ተጭኖ ተነሳ፤ ኩሉም ላይ ቀጭን መስመር ፍቆ ሄደ። መስመሩ ወደ ጠርዝ አድልቷል።

«አየሽ? ዘንጉ ሲረዝም ሮከሩ ቫልቩን ባንድ ወገን ይበላዋል። መስመሩ መሃል ላይ ሲያርፍ ልኩ ተገኘ ማለት ነው።»

«በኩል?» አለች፤ ብልቃጧን እያየች።

«የእስክሪብቶ ቀለም ዘይት ሲነካው ይጠፋል። ዘዴው የዱባለ ነው፤ ብልቃጧም የእሱ ናት። ከእናቱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እንዳትጠፋ ኪስህ አድርግልኝ ብሎ ሰጠኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ሰው ሌባ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል?»

ኩል ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚሏት ሴት ራሷ እሷ ሆነች። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች፤ በርበሬ የለበሰውን ዘንግ ይዛ ተመለሰችና ሁሉንም ነገረችው። ከድሮ ሊጮኽባት አፉን ሲከፍት ከአፉ የወጣው ማስነጠስ ነው።

«አስታግፊሩላህ! ተነሺ፣» አላት ዓይኑን እየጠረገ፤ «እሱ ጋ ሄደሽ ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

ዱባለን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኙት። ነዒማ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ኩሉን፣ ሰልሚያን፣ ቁልፉን፣ በርበሬውን። ዱባለ እስክትጨርስ ሰማት።

«አንቺስ ስለማታውቂው ነገር ነው የጠረጠርሽው፤ ይቅር ብያለሁ፤» አላት። ከዚያ ወደ ከድሮ ዞረ። «አንተ ግን ታውቀኛለህ።»

ዱባለ መዳፉን ዘረጋለት። ከድሮ እፎይ ብሎ ዱባለ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት የወጣውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና መዳፉ ላይ አኖረለት። ዱባለ ቁልፉን መልሶ ሰጠው።

«ቁልፉን አይደለም፤» አለ። «የእናቴን ኩል።»