የዱዋርቴ ቋጥኝ

አርሊንዶ በለቅሶው አዳራሽ በር ላይ ሲታይ ሹክሹክታው ሁሉ ቆመ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ አስከሬኑ ሳይጠጋ፣ ከኋለኛው ግድግዳ አጠገብ ቆመ።

«ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» አለች የሟቹ እህት ዙልሚራ ወደ ኦዴት ጆሮ ጠጋ ብላ።

ኦዴት ከባሏ ከዱዋርቴ ሣጥን አጠገብ እንደቆመች ምንጣፉን ተመለከተች። አርሊንዶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ማንም ሳይጨብጠው፣ እንደመጣ ወጣ። የለቅሶው የመጀመሪያ ቀን በዚህ አለፈ።

አመሻሽ ላይ ቤቷ በሰው ሞላ። የጎመንና የቋሊማ ሾርባ በትልልቅ ድስት መጣ፤ ጣፋጩ ዳቦ ከጠረጴዛው ተርፎ ወንበር ላይ ተደረደረ። ወንዶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው ስለ ዱዋርቴ ያወራሉ። ልጁ ግራሲንዳ እጮኛዋን ያመጣችለት ቀን፣ አጭሩን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ ይሄ ሃያ ስምንት ኢንች አይሞላም፣ ከዚያ ያነሰ ዓሣ መያዝ ሕጉ አይፈቅድልንም፣ ወደ ባሕሩ መልሺው ብሏት ነበር አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቀው አማቹ ራሱ ነው። ከዚያ አንዱ የቋጥኙን ነገር አነሳ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አርሊንዶ የዚያን የማጥመጃ ቋጥኝ ምስጢር ባይሸጥበት ኖሮ ሰውየው እንዲህ ቶሎ ባልተሰበረ ነበር ተባባሉ።

ኦዴት ሰሃን ታጥብ ነበር። ውሃውን ጨምራ ከፈተችው።

ዱዋርቴና አርሊንዶ ሃያ ዓመት በአንድ ጀልባ ሠርተዋል። አርሊንዶ ግራሲንዳን ክርስትና ያነሳ አበልጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ከዌስትፖርት ወደብ ወጥተው በትንንሽ መንጠቆ ማኬሬል የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ያጠምዱና ጀልባው ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ በሕይወት ያቆዩታል። ከዚያ አንዱን ለትልቅ ዓሣ ማባበያ እንዲሆን አፍንጫው ላይ መንጠቆ አግብተው፣ ከባሕር በታች ካለው ቋጥኝ በላይ እንዲዋኝ ይለቁታል። ከቋጥኙ ጥላ ሥር የሚወጣው ስትራይፐር ነው፤ ጎንና ጎኑ በጥቁር መስመሮች የተሰመረ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ዓሣ።

አንድ ሰኔ ኦዴትንም ይዘዋት ወጡ። ዱዋርቴ ክሩን ጣቷ ላይ አሳረፈላት። ማኬሬሉ ትልቁን ዓሣ ሲያይ ይርበደበድ ጀመር፤ ፍርሃቱ በክሩ ሽቅብ መጥቶ ጣቷ ላይ ተሰማት። ልትስብ ስትል ዱዋርቴ እጇን ያዘ።

«አትሳቢ። ይዞት ዞር እስኪል ተይው።»

አርሊንዶ ከመሪው ላይ ሆኖ፣ አበልጄ፣ መልሱ እንደጠፋው ተማሪ አታጣድፊው እንጂ ብሎ ቀለደባት፤ ኦዴት የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ዓሣው ወጥቶ ሲለካ ሕጉ ከሚፈቅደው ትልቁ ልክ አልፎ ተገኘ። ዱዋርቴ ከንፈሩን ይዞ፣ ነፍስ እስኪዘራ ውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ካንቀሳቀሰው በኋላ ለቀቀው። ከዚያ የቦታውን ምልክት አሳያት። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከውሃ ታንከሩ ጋር ሲገጥም፣ ቀዩ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ሲል፣ ቋጥኙ ከሥርሽ ነው አላት። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ።

በዚያው ክረምት፣ ለመንፈስ ቅዱስ በዓል ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ሥጋ ሲከትፉ፣ የሌላ ጀልባ ባለቤት የሆነው የሴራፊም ሚስት ፊሎሜና ኦዴትን ነካካቻት።

«ሠላሳ ዓመት አብረሽው ተኝተሽ የት እንደሚውል አታውቂም። ማን ያውቃል፣ ቋጥኙ ቀሚስ ለባሽ ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኦዴት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ዕድሜዋን ካርታ ስታስተምር የኖረች ሴት ነበረች። እርሳስ አወጣች። ጉልላቱን፣ ታንከሩን፣ ጭስ ማውጫውን በናፕኪን ላይ ሣለች፤ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት ሳይቀር ጨመረችበት። ፊሎሜና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ ቋጥኙ ላይ አምስት ጀልባ ቆሞ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓሣ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ዱዋርቴ ጀልባዎቹን ባየበት በመጀመሪያው ቀን ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ መሀል ቤት ቆመ።

«አርሊንዶ ነው። ሌላ ማን ያውቃል?»

ድንች እየላጠች ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ይኸው ነው ያለችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ አልጨመረችበትም። የግራሲንዳን የሠርግ መጥሪያ በእጇ ስትጽፍ የክርስትና አባቷን ስም ዘለለችው። ዱዋርቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ ሲነቃ እነግረዋለሁ ብላ ስትጠብቅ ዋለች። ነቃና ውሃ ጠየቃት። ውሃውን ሰጠችው።

በሁለተኛው ቀን አርሊንዶ እንደገና መጣ። አሁን ግን ዙልሚራ አላለፈችውም፤ መሀል ወለሉ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በቁሙ የሸጥከው አይበቃህም?»

«ልሰናበተው ብቻ ነበር» አለ አርሊንዶ። ከዚያም ለመውጣት ዞረ።

ኦዴት ሣጥኑን ትታ መጣች።

«ተዪው ዙልሚራ። ቋጥኙን የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ዙልሚራ ክንዷን ያዘቻት። እንቅልፍ አልተኛችም፣ ኀዘኑ ከብዷታል፣ ወንበር አምጡላት አለች። ወንበር መጣ። ኦዴት ወንበሩን አየችው። ብትቀመጥበት ሁሉም ነገር እንዳልተባለ ይሆን ነበር።

«ልቤን አልሳትኩም» አለች ቆማ። «ለፊሎሜና በወረቀት ሥዬ ሰጠኋት። ስለሳቁብኝ።»

ግራሲንዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ፊሎሜና የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመረች። ወጥ ቤት ውስጥ ሲያሙ ያመሹት ወንዶች የሚያዩበት ጠፋቸው።

አርሊንዶ ወደ ሣጥኑ እያየ፣ «እሱ ያውቅ ነበር?» አለ።

«አያውቅም።»

«እንግዲህ እንደተቀየመኝ ሞተ።»

«አዎ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰና ቃሉ ራሱ አሳፈራት። አርሊንዶን በእጅጌው ያዘችው። በለቅሶ ደራሾቹ መሀል አሳልፋ፣ ሣጥኑ ራስጌ ወስዳ፣ የሚስት ቦታ ላይ አቆመችው፤ እሷ ከእሱ በታች ቆመች። የመጣ ሰው ሁሉ በቅድሚያ መጨበጥ ያለበት እዚያ የቆመውን ነው።

ሊጨብጡ የተሰለፉት ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ካፒቴን ቀረበ፤ እጁን አርሊንዶ ፊት አየር ላይ አቆየው፣ ጨበጠውም፣ እግዜር ያጽናህ አለው። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ።

አርሊንዶ ወደ ኦዴት አልዞረም። ግን እጇ የሣጥኑን ጠርዝ እንዲያገኝ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላት።